ሁለተኛ ነፋስ የሌላት ከተማ

ኤልቪራ ሞሬሊ ቆርቆሮ በጣቷ አንኳኩታ ስንት ማዕበል እንደሚችል የምትናገር ሴት ናት። አውስትራሊያ፣ ሰሜን ክዊንስላንድ ውስጥ፣ ሸንኮራ አገዳው የባቡር ሐዲዱን እየነካ በሚበቅልበት አገር፣ ከባሏ ከቪክ ጋር የግንባታ ዕቃ መደብር ነበራቸው። ቪክ ከደንበኛ ጋር ስለ ራግቢ ሲከራከር እሷ ምስማር ትመዝናለች፣ መስታወት ትቆርጣለች፣ የጣሪያ ምስማሩ ከነጎማው ነው ወይስ ያለጎማው ብላ ትጠይቃለች። ያለጎማው የሚል ካለ አትሸጥለትም። «ጣሪያህ ጎረቤት ቤት ከሄደ በኋላ እኔ ጋ እንዳትመጣ» ብላ ባለጎማውን ታስይዘዋለች፤ ሰዉም ስቆ ይከፍልና ይሄዳል።

ቪክ ድንገት ሲሞትባት መደብሩን ሸጠች። ልጇ ካርላ ወደ ደቡብ አመጣቻትና ኔራንግ፣ ጎልድ ኮስት ዳርቻ፣ ግቢዋ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት አኖረቻት። ካርላ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ባሏ ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ቤት ካለበት ቀን የሌለበት ይበዛል። ስለዚህ ትንሿን ቴስን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ የምታበላው፣ ማንበብ የምታለማምደው አያቷ ናት። ኤልቪራ ጠዋቱን እንደምንም ትገፋዋለች። ከሰዓቱ ግን የእሷ ነው። ከእናቶቹ ሁሉ ቀድማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ልጅቷ ቦርሳዋን እየጎተተች «ኖና!» ብላ፣ አያቴ ለማለት፣ በጣሊያን ቅድመ አያቶቿ አጠራር ስትጠራት ቀኑ ያኔ ይጀምርላታል።

ይህ ከሰዓት ነው ባለፈው የሙቀት ወራት ከእጇ ሊወጣ የደረሰው።

አንድ ቀን በተራራው በኩል ሰማዩ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆነ። ለጎልድ ኮስት ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፤ በረዶ እንዳይመታው መኪናውን ጥላ ሥር ያስገባል፣ ልብሱን ከገመድ ያወርዳል፣ በቃ። ኤልቪራ ግን ቴስን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ገንዳውን ውኃ ሞላችው፤ ፍራሽ ጎትታ ከበላያቸው ደፋችው፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ዝናቡ ወረደ፣ ነጎደ፣ ቆመ። ሲቆም ነው የባሰባት። ወፎቹ መንጫጫት ሲጀምሩ፣ ጎረቤት የመኪናውን ሞተር ሲያስነሳ፣ የልጅቷን እጅ ይበልጥ ጨበጠች። ስልኳ ማድ ቤት ሆኖ ይጮኻል። ካርላ ከሥራ ስትመጣ ጨለምለም ብሎ ነበር፤ በሩን ያስከፈተችው በጎረቤት መፍቻ ነው። ቴስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ብቻዋን መታጠቢያ ቤት አልገባም አለች።

ካርላ አልጮኸችም። ብትጮኽ ለኤልቪራ በቀለላት። ፎጣ አጥፋ እየደረደረች፣ ፊቷን ሳታዞር ነው የነገረቻት።

«እማዬ፣ እወድሻለሁ። ግን ይኼ ነገር አንድ ጊዜ ከተደገመ ቴስ ከትምህርት በኋላ እዚያው የልጆች ማቆያው ትውላለች። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ኤልቪራ አይደገምም አለች። ማረፍ የሚለውን ቃል ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታላምጠው አደረች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እናቷ ያየችውን እባብ ግን ካርላ ግማሹን እንኳ አታውቀውም። የምታውቀው ኔሎ የሚባል አጎት እንደነበራት፣ እሱም እናቷ ልጅ ሳለች በአውሎ ነፋስ መሞቱን ነው። ነፋሷ ስም ነበራት፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም በስሟ አይጠራትም፣ «ያቺ» ነው የሚሏት። ትልቅ አውሎ ነፋስ መሃሉ ባዶ መሆኑን የሰሜን ሰው ሁሉ ያውቃል። ዓይን ይሉታል። ግማሹ ነፍሶ ሲያልፍ ዓይኑ አናትህ ላይ ይመጣና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ፀሐይ ትወጣለች፤ ውሻው ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ ሁለተኛው ነፋስ በተቃራኒው በኩል ይመጣል፣ የመጀመሪያው ያላላውን ሊወስድ።

ያን ቀን በጸጥታው መሃል ጎረቤት ሁሉ እየሳቀ ወጣ። ሴቶቹ ተቃቀፉ፣ ልጆች የረገፈ ማንጎ ለቀሙ። የኤልቪራ አባት ግቢው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ሲያይ አንዲት ቆርቆሮ ጠርዟን አንስታለች። ጊዜ አለን፣ ሩጥና ምታት አለው ኔሎን። ኔሎ መዶሻውን ይዞ መሰላሉን ወጣ። ለኤልቪራ፣ ቤቱን ካዳንኩት መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ ትለቂልኛለሽ ብሏታል። ሁለተኛው ነፋስ ሲመጣ በር አላንኳኳም። ኔሎን በማግስቱ አገዳው ውስጥ አገኙት፤ ምስማሮቹ ከኪሱ አልወጡም ነበር። አባትየው ከዚያ ወዲያ መዶሻ አልጨበጠም። ልጅቱ ደግሞ ዕድሜዋን ምስማር ስትሸጥ ኖረች።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ጎልድ ኮስት ካሉት የመዝናኛ ፓርኮች በአንዱ አዲስ ሰፈር ተከፈተ። ፖርት ኢሬን ይባላል። ገብተው የሚጠፉበት፣ ቤቱም ሰዉም ሽታውም የድሮ የሆነ የወደብ ከተማ ነው ተባለ። አውራ ጎዳናው ዳር የተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ ፋኖስ፣ ጀልባ፣ ባለበረንዳ የእንጨት ቤት ይታያል፤ ከሥሩ «ያየኸውን ለማንም አትንገር» የሚል ጽሑፍ አለ። የአካባቢው ሰው የዓመት መግቢያ ስላለው ለቱሪስቱ ከመከፈቱ በፊት እንዲያየው ተጠራ። ካርላ ለእናቷ ስትነግራት ደስ ብሏት ነው፤ የድሮ አገርሽን ይመስላል አሉ፣ በረንዳው ሁሉ የናንተን ቤት ነው የሚመስለው አለቻት። ኤልቪራም ደስ እንዲላት ፈለገች። የተጋገረ ዶሮ በዳቦ ሰርታ፣ በረዶ ባለው ቦርሳ ይዛ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ ከካርላና ከቴስ ጋር ወጣች። ፓርክ ውስጥ ምግብ የሚገዛ እንግዳ ብቻ ነው።

መግቢያው ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥሮች መሃል የሚያልፍ ጠባብ ድልድይ ነው። ወዲያ ማዶ ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኛት ሽታ ነው፤ የሚፈላ የሸንኮራ ጭማቂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሌት ተቀን በሚሠራበት ወቅት ከተማውን የሚሸፍነው ያ ወፍራም ጣፋጭ ሽታ። ከየት እንደሚመጣ ፈለገች፤ ከእግረኛ መንገዱ ሥር በትንንሽ የብረት ወንፊቶች ይወጣል። እጇን ግድግዳ ላይ አኖረች። እንጨቱ እውነተኛ ነው። ቆርቆሮውን በጣቷ አንኳኳች፤ ቆርቆሮ አልነበረም፣ ፕላስቲክ ነገር ሆኖ ዝገቱ ተቀብቶበታል። ደህና ሠርተውታል አለች በሆዷ፣ ማንንም አይገድልም።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ቆማለች። ሲያልፉ ቀና ብላ አየችና፣ ለዘመናት እንደምታውቃት ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

«ኤልቪራ፣ ዛሬ ባሕሩን አየሽው? እኔስ አልወደድኩትም።»

ኤልቪራ ደርቃ ቀረች። ካርላ ሳቀችና በሩ ላይ ያሰሩላቸውን የእጅ አምባር አሳየቻት፤ ስሟ እዚያ ውስጥ አለ፣ ሴትየዋ የምታነበው ደጃፉ ላይ ከተደበቀ ስክሪን ነው። እዚህ የሚሠራው ሁሉ ባለከተማ መስሎ ይጫወታል፤ ሽንት ቤቱ የት ነው ብለህ ብትጠይቀው እንኳ እንደ ባለከተማ ነው የሚመልስልህ፣ ደንባቸው ነው። ኤልቪራም ሳቀች። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ማየቷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ሳይፈልግ መልቀም ጀመረ። የፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ፣ ቢሰበር እንዳይረግፍ፣ ወረቀት ፕላስተር በመስቀል ተለጥፏል። ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ የሉም፤ ወደ ማንግሮቩ ተጎትተው ሥሩ ላይ በወፍራም ገመድ ታስረዋል። አንድ ሰው በርሜል እያንከባለለ ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ሲገቡ ከየድምፅ ማጉያው ይንጫጩ የነበሩት ወፎች መቼ ዝም እንዳሉ አላስተዋለችም። የወደቡ ውኃ ደግሞ ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ምሰሶዎቹ ላይ እርጥብ ጥቁር መስመር ቀርቷል።

ዝቅ ብላ ቴስን፣ እዚህ የሚሆነው ምንድን ነው አለቻት።

ቴስ ጫማዋን አየች። ሚስጥር ነው፣ አይነገርም አለች። ለኖናም ወይ ብትላት ከንፈሯን ነከሰች። የክፍሏ ልጅ አክስት እዚህ ትሠራለች፤ ልጁ ሁሉንም ነግሯታል።

«ብነግርሽ አትገቢም ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ካንቺ ጋ ነው መግባት የፈለግኩት።»

ካርላ ይህን ሰምታ፣ ፕላስተሩን አይታ፣ ትርኢቱ አውሎ ነፋስ መሆኑ ገባት። የእናቷን ክንድ ይዛ፣ እማዬ እንውጣ፣ ምንም አይደለም፣ ሌላ ቦታ እንሄዳለን አለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አይደለም ያለችው ግን በሽተኛን ወንበር ላይ ስታስቀምጥ በምትጠቀምበት ድምፅ ነው። ኤልቪራ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። አሁን ብትወጣ ማቆያው ነገ እንደሚጠየቅ፣ ማንም በክፋት ሳያስበው ከሰዓቱ ከእጇ እንደሚሄድ፣ እንደ ቆርቆሮ ዋጋ ጥርት ብሎ ታያት።

«ፕላስቲክ ነው እኮ» አለች። «ነክቼዋለሁ። እንግባ።»

ሳይረን ጮኸ። የወደቡ ሹም ነኝ የሚል ጺማም ወጣት እየሮጠ ሰዉን ሁሉ ወደ ከተማው አዳራሽ ይነዳ ጀመር። ረዣዥም አግዳሚዎች፣ መሃሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ፣ በሁለቱም ጎን የተቸነከሩ መስኮቶች። ሰዉ መስኮት መስኮቱን ተሻምቶ ያዘ፤ ስልኩን አወጣ። ኤልቪራ ልጇንና የልጅ ልጇን ይዛ መሃል፣ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች። ካርላ አጠገቧ ሆና የምታየው ነፋሱን ሳይሆን እናቷን ነበር።

መጣ። ወለሉ በመጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ውኃ ወረደ፣ ከዚያ ጩኸቱ። መብራቱ ጠፋ። አንዲት የጣሪያ ክፋይ ከጥግ ተነሥታ ትንፈራገጥ ጀመር፤ ሰዉ እየጮኸ ሳቀ። ኤልቪራ ጥርሷን ነክሳ ሥራውን መረመረች። ነፋሱ እኩል ነው። እውነተኛው ይተነፍሳል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በር በር እየነካ መግቢያ ይፈልጋል። ይኼ ማሽን ነው። ማሽን መሆኑን ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ከመቀመጫዋም ንቅንቅ አላለችም። ካርላ በጨለማው ውስጥ ትከሻዋን ጨመቅ አደረገቻት። ኤልቪራ ኮራች። ልጅ ሆና ፈተና እንዳለፈች ዓይነት ኮራች።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ።

አንድ ጊዜ ነው የቆመው፣ በር እንደተዘጋበት። በመስኮቱ ቀዳዳ ቢጫ ብርሃን ገባ። ወፎቹ ተመለሱ። ከውጪ የነሐስ ሙዚቃ ተሰማ፤ ጺማሙ ወጣት ሁለቱን በሮች ወለል አድርጎ ከፈታቸውና ፖርት ኢሬን ተርፋለች፣ ውጡ፣ የማንጎ አይስክሬም አለ አለ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ጎረፈ። ቴስ ብድግ አለች።

የኤልቪራ እጅ የልጅቷን አንጓ ያዘ። እሷ አልያዘችም፤ እጇ ነው የያዘው።

«እማዬ፣ አለቀ» አለች ካርላ ቀስ ብላ። «ልቀቂያት።»

ቴስ አያቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ፊቷ ላይ ያ የመታጠቢያ ቤቱ ቀን መጣ። ኤልቪራ ያንን ፊት አይታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ካርላ ልጅቷን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ ጠበቀቻት፤ ኤልቪራ መጣሁ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች፣ አልተነሣችም።

ወጣቱ ቀርቦ፣ እማማ፣ ውጪ ይጠብቁዎታል አላት።

«ሁለተኛውስ?»

አልገባውም። ነፋሱ አልፏል እማማ፣ ተርፈናል አለ በባለከተማ ደስታ። እንደገና ስትጠይቀው ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለን አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ የሚባል ነገር አላሠለጠኑንም።» ከዚያ በሩን ክፍት ትቶላት ሄደ።

አዳራሹ ባዶ አልነበረም። ከምሰሶው ወዲያ ማዶ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ለእንጨቱ ሰጥቶ፣ ከመስኮት ርቆ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወለሉን ታያለች። ማንም ማንንም አላየም፤ ሲያዩም እንደ ተያዘ ሰው ዓይናቸውን መለሱ። ኤልቪራ፣ ከየት ነዎት ብላ ሽማግሌውን ጠየቀችው።

«ከሰሜን፣ ከካርድዌል ወዲያ» አለ። «እርስዎም ከዚያው ነዎት። ቁጭ ሲሉ ነው ያወቅሁት።»

ስታን ነኝ አላት። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ውጪ ናቸው። ለምን አልከለከሏቸውም ብትለው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ድሮ እከለክል ነበር። አንድ የገና እራት ላይ ነፋስ መጥቶ ቆመና በሩ ላይ ቆምኩባቸው፣ አንድም ሰው አይወጣም ብዬ። ሳቁብኝ። ሲቆዩ መሳቁን ተዉት። ከዚያ ወዲህ የሚጠሩኝ ለእንዲህ ያለው ነው፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ፣ ብዙ የማንነጋገርበት።» በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። «ልጅቷን ለቀቋት።»

«ለቀቅኳት።»

«ጥሩ አደረጉ» አለ። ጥሩ አደረጉ ያለበት ድምፅ ግን ሬሳ የሚያስወጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ኤልቪራ ተነሣች። ዕድሜዋን ሁሉ ዓይኑ ውስጥ እግሯን አውጥታ አታውቅም። መድረኩን ስትሻገር ያ ብርሃን ፊቷን መታት፤ ያው ቢጫ፣ ያው እርጥብ ሙቀት፣ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። ይህን ከየት አገኙት? የሆነ ሰው ነግሯቸዋል፣ ወይ ፎቶ አይተዋል። ጸጥታውን በትክክል አግኝተውት፣ ጸጥታው መጨረሻ መስሏቸው እዚያ ላይ አቁመውታል። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ሴቶች ይተቃቀፋሉ፣ ልጆች ኩሬ ውስጥ ይዘላሉ፣ የሙዚቃ ጓዱ እየዞረ ይነፋል። ኤልቪራ ልጅ ሳለች ያየችው መንገድ ነው፣ ሰዉ ብቻ ተለውጧል።

ቴስ ከሩቅ አይታት ሮጠች። «ኖና ወጣች! እማዬ፣ ኖና ወጣች!» ካርላም መጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እናቷን አቀፈቻት፣ ጎበዝ አለቻት፣ እንደገናም ጎበዝ። ጆሮዋ ላይ፣ ማቆያውን ላናግራቸው ስልካቸውን ይዤ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አሁን ግን እተወዋለሁ አለቻት። ኤልቪራ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማት። ተገኘ። ከሰዓቱ ተገኘ። አይስክሬም ይዛ ቆመች፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ላሰችው።

ቴስ መንገዱን እያየች ታስብ ነበር።

«አሁን ገባኝ ኖና» አለች። «ነፋሱ ሲቆም መውጣት ነው። እኛ ባለፈው ዝም ብለን ተቀመጥን። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ሲል እንወጣለን፣ እሺ?»

ካርላ ሳቀችና እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «እሺ በያት እንጂ።»

አንድ ቃል ነው። ለልጅ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ለልጅ በቀን ውስጥ ስንቱን እሺ ይላል። ኤልቪራ ካርላን አየቻት፤ የልጇ ፊት እንዲህ ከተፈታ ስንት ጊዜው ነው። ከዚያ ቴስን አየች። ልጅቷ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ የት አገር እንደምትኖር፣ ማን ደጃፍ ላይ እንደምትቆም፣ ማንን ሩጥና ምታት እንደምትል ማን ያውቃል። የምትይዘው ደግሞ ዛሬ የያዘችውን ነው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ባንድ ላይ ሲያስተምራት ውሏል።

«አንወጣም» አለች ኤልቪራ።

«እማዬ።»

«ዝም ሲል አንወጣም ልጄ። እነዚህ ሰዎች ግማሹን ነው የሠሩት።»

ነገረቻት። ጎንበስ አላለችም፣ ድምፅዋንም አላባባችም፤ መደብሩ ውስጥ ለደንበኛ የትኛው ምስማር የቱን እንጨት እንደሚይዝ በምትናገርበት አነጋገር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዓይኑን ነገረቻት። የረገፈውን ማንጎ፣ የሚተቃቀፉትን ሴቶች ነገረቻት። ኔሎ የሚባል ወንድም እንደነበራት፣ አልጋዋን ይፈልግ እንደነበር፣ አባቷ ጊዜ አለን እንዳለ፣ ምስማሮቹ የት እንደተገኙ ነገረቻት። ካርላ መጀመሪያ በቃ፣ እማዬ በቃሽ አለች። ወሬው ኔሎ ኪስ ጋ ሲደርስ ግን ማቋረጧን ተወች። ይህን ሰምታ አታውቅም። የቴስ አይስክሬም እየቀለጠ እስከ ክርኗ ወረደ፤ ልጅቷ አላበሰችውም።

ሲያበቃ ቴስ አላለቀሰችም። ሰማዩን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ከመንገዱ ወጥታ የዳቦ ቤቱ በረንዳ ሥር ገባችና ጀርባዋን ከግድግዳው አስጠግታ ቆመች።

ካርላ የልጅቷን አቋቋም አየች። ፊቷ እንደገና ተዘግቷል፤ ቁጣ አልነበረም፣ ከቁጣ የባሰ ድካም ነው።

«ከሰኞ ጀምሮ ማቆያው ትውላለች» አለች። «አሁን ልትጠላኝ ትችያለሽ።»

«አልጠላሽም።»

«ዝም ማለት ትችይ ነበር። አንድ እሺ።»

«እችል ነበር» አለች ኤልቪራ። በረንዳው ሥር ገብታ ከቴስ አጠገብ ቆመች። ልጅቷ እጇን አልዘረጋችላትም፤ ተጠግታ ግን በትከሻዋ ነካቻት። ሁለቱም ወደ መንገዱ ያያሉ። ሙዚቃው አሁንም አለ፤ ልጆቹ ኩሬውን ይረጫሉ፤ አዳራሹ በር ላይ ስታን ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከመድረኩ ወዲያ ሳያልፍ፣ ቆሞ ይታያል። ወደቡ ላይ ውኃው እንደገና መጉደል ጀምሯል።

ካርላ መንገዱ መሃል ብቻዋን ቀረች። ልጇን በእጇ ጠራቻት፣ እንሂድ፣ መኪናው ጋ እንሂድ አለች። ቴስ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«አንቺ ግቢ እማዬ» አለች።

ካርላ ሊስቅባት የሚችል ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን አየች። የሚያያት አልነበረም። አጠገቧ አንድ አባት ልጁን አየር ላይ እየወረወረ ይቀልበዋል። ካርላ ሽቅብ አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ ምንም የሌለበትን ሰማይ አየች። ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ምኑን እንደምትጠብቅ ብትጠየቅ አታውቀውም። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ በፍጥነት፣ ሩጫ ሊባል በሚችል አረማመድ፣ በረንዳው ሥር ገባች።